አሥራ አንድ ግራም

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የጀመርኩት የላብራቶሪው መዝገብ የማይቀበለው ነገር ስለበዛብኝ ነው። መዝገብ የሚወደው ሰዓት፣ ሙቀትና ግራም ነው። ሌላውን በሆድህ ያዘው ይላል።

ባለቤቴ እናቷ ጋ ከሄደች ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኗ ነው። ለዕረፍት ነው የሄደችው። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ እመልሳለሁ፤ ሐኪሙም ዕረፍት ያስፈልጋታል ብሏል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ በዚህ ጊዜ እናቷ ጋ ብትሰነብት ምን ይገርማል? ምንም አይገርምም።

በሩን ስከፍት አሁንም «መጣሁ» እላለሁ። ዛሬም አልኩ። ከዚያ ማንም እንዳልሰማኝ እያወቅሁ፣ ያልተናገርኩ ለመምሰል ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ሐሙስ 6

አዲሱ የጥገና ሠራተኛ ጋኖቹን ሊፈትሽ መጣ። ጋን የምንላቸው ባክቴሪያዎቹን የምናሳድግባቸው የመስታወት ዕቃዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ሊትር ይይዛሉ። ምን እንደምንጠምቅ ጠየቀን። ቢራ መስሎት ነው።

ኃላፊያችን ሥራ ሲያስረዱ ደስ ይላቸዋል፤ ወንበር ስበው አስቀመጡት። የቅባት አሲድ ረጅም ሰንሰለት ነው አሉት፤ ከምግብ ቤቶች ከሚሰበሰብ አሮጌ ዘይት እናወጣዋለን። ባክቴሪያዎቻችን ያን ሰንሰለት ከጫፉ ሁለት ሁለት እየቆረጡ እስኪያልቅ ይበሉታል። እኛ ጂናቸው ውስጥ ገብተን ከመቀሶቻቸው አንዱን ነጠቅናቸው። መሃል ላይ ሲደርሱ መቁረጥ ያቅታቸውና የቀረውን ቁራጭ ወደ ውጭ ይተፉታል። ያ ቁራጭ ጡባችን ነው። ጡቦቹ ሲገጣጠሙ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ይሆናሉ።

ሰውዬው አሰብ አደረገና «ታዲያ ከአፋቸው ነጥቃችሁ እነሱ ምን ይበላሉ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ መቀሱን የነጠቅናቸው ሰሞን በረሃብ ያለቁብን ስንቴ ነው! አሁን እንዳይሞቱ ጥቂት ስኳር ጣል እናደርግላቸዋለን።

ከአንድ ሊትር አራት ግራም ጡብ እናገኝ ነበር። ባለፈው ወር አንዲት ማክሰኞ ግን አሥራ አንድ ግራም ተገኘ። ያን ቀን ጋኖቹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ደገምኩት፤ አምስቱንም ጊዜ አራት።

በዚያች ማክሰኞ ሌላም ነገር ሆኗል። እሱን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ስልኬ ሳጥን ውስጥ ነበር። ደንቡ ነው፤ ላብራቶሪ የምንገባው ስልካችንን በሩ ላይ ባለው ሳጥን ቆልፈን ነው።

እሑድ 9

ደወልኩ። ያነሱት አማቴ ናቸው። ተኝታለች አሉኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። በሰባት ዓመት ትዳር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ደግሞ «ተኝታለች» ከማለታቸው በፊት ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው «ምን ልበለው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። መዳፍ ድምፅ አይዘጋም።

እማማ ደግ ሰው ናቸው። ዝምታው እንዳይከብደኝ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ።

«እነዚያ ዘይት የሚበሉት ፍጥረቶችህ ደህና ናቸው?»

ደህና ናቸው አልኳቸው።

«እስቲ ጥቂት ላክልኝ፤ የኩሽናዬን ግድግዳ ይላሱልኝ።»

ሳቅሁ። ከእሳቸው ጀርባም ሰው የሳቀ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ያን ሳቅ ሳዳምጥ ዋልኩ። ሳል ይሁን ሳቅ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ረቡዕ 12

ጋን አንድ፣ 4.1። ጋን ሁለት፣ 3.8። ጋን ሦስት አረፋ አውጥቶ ክዳኑን ገፋው። ወለሉ ዘይት በዘይት። ሳጸዳ ዋልኩ፤ ጫማዬ አሁንም ያንሸራትተኛል። ምሳ የለም። የፕላስቲክ ፋብሪካው ሰዎች በ27 ይመጣሉ። አሥራ አምስት ቀን።

ቅዳሜ 15

ቤት ዋልኩ። ባልውል ይሻል ነበር።

ሩዝ ቀቀልኩ፤ ለሁለት ሰው። እጄ የለመደው ሁለት ስኒ መስፈር ነው። ሁለተኛውን ሳህን ካወጣሁ በኋላ ነው የነቃሁት፤ መልሼ ላስገባው አንጀቴ እንቢ አለኝ። ሁለቱንም አቅርቤ በላሁ።

የምትናፍቀኝ በትልልቁ ነገር አይደለም። የፈተና ወረቀት ስታርም ከወረቀቱ ጋር ታወራለች፤ «አይ አንተ ልጅ፣ እዚህ ድረስ እኮ ልክ ነበርክ» ትላለች። ያ ነው የሚናፍቀኝ። በኮሪደሩ ስታልፍ በክርኗ ገፋ ታደርገኛለች፤ ቦታ ጠቧት አይደለም። የእጅጌዋ ጫፍ ሁልጊዜ ጠመኔ ነው። አንሶላው አሁን በእኔ በኩል ብቻ ይጨማደዳል፤ ጠዋት ጠዋት የሷን ወገን አይቼ የተነጠፈ አልጋ እንዲህ ያስከፋል እንዴ እላለሁ።

ከሰዓት ትንሿን ክፍል ከፈትኩ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሁለት ጭረት አለ፤ በመካከላቸው 120 ብላ ጽፋለች። የሕፃን አልጋ ርዝመት ነው። ሳንገዛ ለካችው። ሁለት ጣት ያህል ይተርፋል ብላ ተደስታ ነበር፤ እሷ የሚተርፍ ነገር ትወዳለች።

አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ያቺ ማክሰኞ ፅንሱ ጨነገፈ። ይኸው ጻፍኩት። ሆስፒታል ያደረሰቻት ጎረቤታችን ናት። እኔ የደረስኩት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ። ስልኬ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ጭረቱን ላጠፋው እርጥብ ጨርቅ ይዤ ገብቼ ነበር። ጨርቁን ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ 18

መታጠቢያ ቤት ሳለሁ ከኮሪደሩ ሁለት ባልደረቦቼ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ ሚስቱ እንዲያ ሆና እሱ በሳምንቱ ሥራ ገባ አለች። ሌላው፣ ምን ያድርግ፣ ሐዘን የሚረሳው በሥራ ነው አላት። በሳምንቱ አይደለም። በአራተኛው ቀን ነው የገባሁት። ወጥቼ ላርማቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የመለኪያ ማሽኑን የሚይዘውን ሰው «ሚዛን» እንለዋለን። ጡረታው ደርሷል፤ ሳይመዝን ቃል አያወጣም። ዛሬ አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ ያቺ ማክሰኞ የማመሳከሪያው ጋን ስንት ነበር አለኝ። ማመሳከሪያው አራተኛው ጋን ነው፤ ሌሎቹ የሚያገኙት ዘይት ይገባበታል፣ ባክቴሪያ ግን አይገባበትም። እሱ ውስጥ ምንም ጡብ ካልተገኘ፣ ሌሎቹ ውስጥ የተገኘው በሙሉ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው ማለት ነው።

«ዜሮ ነው፤ መዝገቡ ላይ አለ» አልኩት።

«መዝገቡንስ አይቼዋለሁ» አለና ሄደ።

ዓርብ 21

ኃላፊያችን ቢሯቸው ጠሩኝ። የፋብሪካው ሰዎች የሚመጡት አሥራ አንዱን ግራም ሰምተው ነው። ደስ ካላቸው ሦስት ዓመት የሚያሠራን ውል ይፈርማሉ። ያን ቀን ምን የተለየ ነገር እንዳደረግሁ እንዳስታውስ ለመኑኝ። ሰው ሲለምኑ እኮ አያምርባቸውም፤ ማዘዝ ነው የለመዱት። ሙቀቱን፣ ስኳሩን፣ አየሩን ቆጠርኩላቸው።

«ሌላስ? እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ አስበው» አሉኝ።

ጨፈንኩ። ያየሁትን አልነገርኳቸውም።

አሥራ አንዱ እውነት መሆን አለበት። እውነት ካልሆነ ያን ቀን እዚያ ጋን ፊት የቆምኩት ለምንድን ነው?

እሑድ 23

ዛሬ ራሷ አነሳችው። ድምፅዋን ስሰማ ዝናብ አለ ወይ አልኳት። አለ አለች። እዚህም አለ አልኩ። ደህና ትበያለሽ ወይ አልኳት። እማማ ያለ ልክ እያበሏት መሆኑን ነገረችኝ። ባሏን ያጣች ሳይሆን ከዘመቻ የተመለሰች ይመስል አለች። «ልጇን ያጣች» ልትል «ባሏን ያጣች» ያለችው አምልጧት ነው። ይመስለኛል።

ከዚያ «ሌላ የምትነግረኝ የለም?» አለችኝ።

«የለም፤ ሥራ ብቻ ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች። እሺዋን አውቀዋለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ መልሱን የማያውቅ ተማሪን «እሺ፣ ተቀመጥ» የምትልበት እሺ ናት።

ሰኞ 24

መዝገቡን አወጣሁ። የማክሰኞዋ ገጽ ላይ የሦስቱ ጋኖች ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። የማመሳከሪያው «0» በጥቁር ነው። ማንም ያየዋል። ከሚዛን በቀር ማንም አላየውም።

አልለካሁትም። ያን ቀን በስምንት ሰዓት ተኩል ጥዬው ሮጥኩ። በአራተኛው ቀን ስመለስ መዝገቡ ላይ ቦታው ባዶ ነበር፤ ናሙናውም ተበላሽቷል። ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዜሮ ብዬ ሞላሁ፣ ፈረምኩ። አንዲት ክብ ለመጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጻፍኩና ረሳሁት። የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ 25

ለሚዛን ነገርኩት። ሌላው ቢሆን ፊቱን ይለውጥ ነበር። እሱ ከጋዋኑ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ማሽኑ የዚያን ቀን የተቀበላቸው ናሙናዎች ዝርዝር ነው። ሦስት ብቻ።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«ከተመለስክ ቀን ጀምሮ። ራስህ ትመጣለህ ብዬ ነው።»

ሚዛን ከሚገባው በርሜል ሁሉ ትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ፍሪጅ ውስጥ ያኖራል። የማክሰኞዋ በርሜል ከአዲስ ምግብ ቤት የመጣች ናት፤ ያን ቀን ተጀምራ ያን ቀን አለቀች። ጠርሙሱን አውጥተን ለካነው። ዘይቱ ደጋግመው የጠበሱበት ነበር። ሲጠበስ ከሚፈጠረው ነገር ውስጥ በማሽኑ ዓይን ከእኛ ጡብ የማይለይ አለ። ሰባት ግራም።

አሥራ አንድ ሲቀነስ ሰባት። ለዚህ የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም።

ረቡዕ 26

ኃላፊያችን እስክጨርስ አላቋረጡኝም። መዝገቡን አስመጥተው በጥቁሯ ዜሮ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ያን ጊዜ መጥተህ በዚህ ምክንያት ሳልለካው ቀረሁ ብትለኝ ማን ይፈርድብህ ነበር?»

እኔ የማየው ጣታቸውን ብቻ ነበር።

«ያልተለካን ነገር ባዶ መተው ነውር አይደለም» አሉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፤ ጮኸው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ላይ አልፈርምም፤ ሚዛን ይፈርምልኛል። ስወጣ ባለቤቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኩ። ሌላ ጥቁር ዜሮ።

ሐሙስ 27

መጡ። ኃላፊያችን ገና ከመቀመጣቸው አሥራ አንድ የተባለው ስህተት ነው፣ እውነተኛው አራት ነው አሏቸው። ስህተቱ የላብራቶሪዬ ነው አሉ እንጂ እኔን አልጠቀሱም፤ አላዩኝም። እንግዶቹ ትሑት ናቸው፤ ጋኖቹን ጎበኙ፣ አመሰገኑ፣ ስምንት ግራም ስትደርሱ ጥሩን ብለው ሄዱ። ውሉ ቀረ።

ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ሲመለስ እኔን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀለለኝ። ከዚያ መቅለሌ አሳፈረኝ። ከሁለት ድንጋይ የወረደው አንዱ ብቻ ነው፤ ትንሹ።

ቅዳሜ 29

ስልኬ ሳጥን ውስጥ አልነበረም።

ያቺ ማክሰኞ ጠዋት ወገቧን እንደ መቁረጥ አደረጋት። ቀላል ነው አለች፤ ግን ዛሬ ስልክህን ካንተ አታርቀው አለችኝ። እሺ አልኩ። ደንቡን ጥሼ በጋዋኔ ኪስ ይዤው ገባሁ። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

በስድስት ሰዓት ጠራ። ዘይቱን የምጨምርበት ሰዓት ነው፤ ፓምፑ እየሠራ ነበር፣ እጄ ጓንት ውስጥ ነበር። ኪሴ ተንቀጠቀጠ። አውጥቼ ስሟን አየሁ። በዘይታም ጣቴ ዘጋሁት። አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ እደውልላታለሁ ብዬ ነው። አሥሩ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ጋን ሁለት አረፋ አወጣ። ከዚያ ረሳሁ። ይህን ቃል መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ሌላ ቃል የለም። ረሳኋት። በስምንት ሰዓት ተኩል ጎረቤታችን በላብራቶሪው የጠረጴዛ ስልክ ስትደውል ነው ያስታወስኩት።

ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። «ስልኬ ሳጥን ውስጥ ነበር» አልኳት። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ከዚያ ለእናቷ ነገርኩ፣ ለጎረቤት ነገርኩ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኩ። በመጨረሻም ለዚህ ደብተር ነገርኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለ።

ሰኞ 1፣ ጠዋት

ትላንት የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው። አሁን ያለሁት እማማ ሳሎን ነው፤ ሶፋው አጥሮኝ እግሬ ውጭ ነው ያደረው።

በአምስት ሰዓት ደረስኩ። በሩን የከፈቱት እማማ ናቸው። ከሳህ አሉኝ፤ ከዚያ ገበያ እሄዳለሁ ብለው ዘንቢላቸውን አነሱ። እሑድ እንደሆነና ገበያው እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን።

ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሹራብ እየተረተረች ነበር። እሷም ከስታለች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች፤ አንገቷ ሲታይ አዲስ ሰው ሆነችብኝ። ሰላም አልኳት። ቁጭ በል አለችኝ። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ ስለ ዝናቡ ልናወራ ነው።

«ስልኩ ሳጥን ውስጥ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ ነበር። አይቼ ነው የዘጋሁት» አልኳት።

ክሩን መሳብ አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

እንዴት እንዳወቀች ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ።

«ሦስት ጊዜ ጠራና ተቆረጠ። ሳጥን ውስጥ ቢሆን ጠርቶ ጠርቶ ያበቃ ነበር። ሳጥን እጅ የለውም።»

ያኔ ተቀመጥኩ። የፓምፑን፣ የጓንቱን፣ የአረፋውን፣ ከዚያም የመርሳቴን ነገር ነገርኳት። ስለ አሥራ አንዱ ግራምም፣ ስለ ጥቁሯ ዜሮም። አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ደብተር አልዋሽም። እሷ ሹራቡን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ ጎረቤት ያለ ሬዲዮ ዜናውን ጨርሶ ዘፈን ጀመረ።

«እኔም ያልነገርኩህ አለ» አለች በመጨረሻ። «ሐኪሙ ያን ቀን ነግሮኛል። ጠዋት ወገቤን ሲያመኝ የልጁ ልብ ቆሞ ነበር አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ብታነሳው፣ በርረህ ብትመጣም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ይህን ብነግርህ ይቀልህ ነበር። እንዲቀልህ አልፈለግሁም።»

መቆጣት ነበረብኝ መሰለኝ። የተሰማኝ ግን ቁጣ አልነበረም፤ ሁለታችንም አንድ አንድ ድንጋይ ይዘን በሁለት ከተማ ተቀምጠን መክረማችን ነው ያሳዘነኝ።

«ብቻሽን ያዝሽው?» አልኳት።

«ብቻዬን ያዝኩት።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስልኩን የዘጋህብኝ ጊዜ እኮ ልጁን ላድነው ብዬ አልነበረም የደወልኩት። ፈርቼ ነው። ድምፅህን ልሰማ ነበር።»

እሷ ስታለቅስ እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም። አልጨበጠችኝምም። እማማ ባዶ ዘንቢል ይዘው እስኪመለሱ እንዲሁ ቆየን።

ምሳ ተበላ። ስለ ልጁ አወራን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወንድ ነበር። እኔ ይህን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። ወደ ቤት መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰሌዳ ፊት መቆም ትችል እንደሆነ አላውቅም ብቻ አለች።

የመጨረሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከ ፌርማታው ልሸኝህ አለች። የጭቃውን ጠርዝ ጠርዙን እየተከተልን ሄድን። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ ከክርኗ ግን ክርኔ አልራቀም። ምንም አላልኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር የሚያባርረው ይመስለኛል።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሁለት ሴቶች ወረዱ፣ አንድ ሰውዬ ከነሻንጣው ወጣ። እኔ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ዞርኩ። ደህና ሁኚ ልላት ነበር፤ ሁለተኛው እግሬ ግን ከመሬት አልተነሳም። እሷም አልረዳችኝም። መሬት መሬት ታያለች።

ረዳቱ ከውስጥ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይወጣሉ ወይስ አይወጡም?» አለኝ።

«አይወጣም» አለችው።